ጠፈር ላይ ለጠፉት የጸለይንበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ ጆሃንስበርግ ውስጥ ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ሄጄ ነበር። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ያው የድሮ ሰፈር እግር ይጎትታል። የነበርንበት ቤት አሁን አጥሩ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ በረንዳውም በቆርቆሮ ተከልሎ ሰው ይኖርበታል። ከቤቱ ማዶ፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ሰውዬ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ካውያ፣ የተሰነጠቀ ሳህን፣ የሕፃን ጋሪ። ከመሃላቸው አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ አየሁ። "ይሠራል" አለና በረጅም ገመድ ሰክቶ አሳየኝ። ትንሽ እስኪሞቅ ጠብቄ፣ ካሴት የሚገባበትን አፍ በጣቴ ከፈት ሳደርገው ሽታው ወጣ፤ የሞቀ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ። ሰውዬው ዋጋ ይናገራል፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የአባባን ብርድ ልብስ ተጋርቼ፣ ከእንግሊዝ አገር የተነሣች የጠፈር መርከብ ውስጥ ነኝ።

አባባ የአባቴ አባት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሆሳዕና ዙሪያ ባሉ መንደሮች ወንጌል ሲሰብክ የኖረ ሰው ነበር። አንደኛው ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም ሞራ ለብሶ ብርሃንና ጥላ ብቻ ሲቀርለት አባቴ ለሕክምና ጆሃንስበርግ አስመጣው። የሆስፒታሉ ተራ ረጅም ስለነበር ያንን ክረምት እኛ ቤት ሆኖ መጠበቅ ነበረበት። ክረምት ስል የዚህን አገር ክረምት ነው፤ አባባ ግን እስኪሄድ ድረስ ቃሉን አልቀበልም አለ። "ዝናብ የሌለው ደግሞ ምን ክረምት ነው?" ይል ነበር። ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ጥርት እንዳለ ይውላል፣ ሣሩ ቢጫ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከሩቅ የሚቃጠል ሜዳ ይሸታል። ብርዱ ግን አጥንት ይገባል።

እናቴ ጀፕስታውን ውስጥ ብርድ ልብስና ካልሲ በጅምላ በሚሸጥ ሱቅ ትሠራለች። አባቴ ካትሌሆንግ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለው፤ ሳምንቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ እያደረ ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባን መያዝ የእኔ ሥራ ሆነ። ሻይ አቀርብለታለሁ፣ ዓይኑ ላይ ጠብታ አደርግለታለሁ፣ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፣ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩን አዞርለታለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ እንዳነብለት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ደግሞ የአማርኛ ፊደል አጥርቼ አላውቅም። አንድ ምዕራፍ ለመጀመር ስታገል ሰምቶ፣ "በይ ተይው ልጄ፣ ነቢዩንም አታድክሚው" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ቁም ሣጥኑ ትዝ ያለኝ። ቤቱን ያከራየችን አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ነበረች። ወደ አረጋውያን ማረፊያ ስትገባ ቴሌቪዥኗን፣ ማጫወቻዋንና አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ትታልን ሄዳለች። ካሴቶቹን እህቷ ከእንግሊዝ፣ ከቴሌቪዥን ላይ እየቀዳች የላከችላት ናቸው። እናቴ መጀመሪያ "የዓለም ፊልም ነው?" ብላ ጠርጥራ ነበር። እኔም አንዱን ካየሁ በኋላ "የለም እማዬ፣ ከዓለም ከወጡ ቆይተዋል" አልኳት። ትንሽ አሰበችና ተወችኝ።

ድሮ የተሠራ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ነበር። መርከቧ ፔትሬል ትባላለች። ሽበታሙ ካፒቴን ምንም ዓይነት አደጋ ቢመጣ ሻዩን ሳይጨርስ አይነሣም። ሐኪሟ ሚስ ፐርዲ ፀጉሯ በነፋስም በፍንዳታም ንቅንቅ አይልም። መካኒኩ ባርናቢ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ሁሉም የሚያብለጨልጭ ልብስ ለብሰዋል፤ እናቴ ሥጋ የምትጠቀልልበትን ፎይል ይመስላል። ወደ ምድር የሚመልሳቸው መንገድ ጠፍቷቸዋል። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀምር ካፒቴኑ ሬዲዮኑ ላይ አጎንብሶ ይጣራል። እኔም ለአባባ እተረጉማለሁ፦ "ፔትሬል ነን። የሚሰማን አለ?"

አባባ ታዲያ ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ በስብከት ድምፁ፣ "እንሰማለን!" ይላል።

መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳሁ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ግን አብሬው መለስኩ። ጎረቤት የሰማን እንደሆነ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

እሱ አያይም፤ እኔ ነበርኩ ዓይኑ። ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ፣ ያልገባኝንም ጭምር። ግድግዳው ሲወዛወዝ "ጠፈር ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ" እለዋለሁ። አንድ ጭራቅ ሲመጣ ጀርባው ላይ የልብስ ዚፕ አይቼ፣ "ይሄኛው ጃኬት ይለብሳል" አልኩት። "ለካ እዚያም ብርድ ነው" አለ አባባ፣ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ እየገፋ። ምስሉ ግራጫና ብዥ ብዥ የሚል ስለሆነ፣ አባቴ የሚያየው ዜናም እንደዚያ ስለሚንቀጠቀጥ፣ እኔ ነገሩ ሁሉ እንግሊዝ አገር በእውነት የደረሰ መስሎኝ ነበር። እንግሊዞች ሰዎቻቸውን ጠፈር ላይ ጥለው ዝም ማለታቸው ይገርመኝ ነበር። ከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ መስኮቱን ወርቅ ታደርገዋለች፣ ማሞቂያው ትንፍሽ ትንፍሽ ይላል፣ የአባባ ቀኝ እጅ የእኔን ጭንቅላት እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም ግማሹን ነቅቼ ግማሹን በሕልሜ አያለሁ። ዛሬ የቱ ክፍል ላይ ምን እንደተደረገ፣ የቱን ፊልሙ የቱንም እኔ እንደፈጠርኩት መለየት አልችልም።

የማይነገረው ነገር ደግሞ አለ።

አጎቴ ምናሴ፣ የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ ቤት እንዲጠብቅ ሆሳዕና ቀርቶ ነበር። አባባ አውሮፕላን ላይ ከወጣ በኋላ ግን ጓደኞቹን ይዞ በሞያሌ በኩል ወደ እኛ መንገድ ጀመረ። ለማንም አልነገረም። ከማላዊ አንድ ጊዜ ለአባቴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ይህንን የሰማሁት ቅዳሜ ማታ አባቴና እናቴ ማድ ቤት ቆመው ሲንሾካሾኩ ነው። እናቴ እኔን ስታይ ጆሮዬን በስሱ ያዘችና፣ "ለአባባ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ" አለችኝ።

ምክንያት ነበራቸው። ዶክተር ጌታሁን፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ የሆስፒታል ሐኪም፣ በየእሁዱ የአባባን የደም ግፊት ይለካል። ግፊቱ ከፍ እንዳለ ነበር። "እንዲህ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን ይሰርዙታል" አለ ለአባቴ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ደረጃ ላይ። "አደራ፣ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ።" አባባ ታዲያ በየሳምንቱ "ምናሴን አገናኙኝ" ይላል፤ አባቴም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አባዬ፣ መስመሩ ተበላሽቷል ነው የሚሉት" ይላል። እናቴ ሻይ ልትጨምር ትነሣለች፤ ሻዩ ግን ሞልቷል።

ቤተ ክርስቲያናችን ጀፕስታውን፣ ከአንድ መጋዘን አናት፣ ፎቅ ላይ የተከራየናት አዳራሽ ነበረች። ከስብከቱ በፊት መሪው "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ይላል፣ ሰው እየተነሣ ጉዳዩን ያሰማል። የአንዱ ወረቀት አልታደሰም፣ የአንዱ ሱቅ ተዘርፏል፣ የአንዷ እናት አገር ቤት ታማለች። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ በአንድነት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል። የምናሴን ነገር የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ግን አባባ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማን ደፍሮ ያንሣው? አባቴ በየሳምንቱ ሊነሣ ይልና መልሶ ይቀመጣል። ለምናሴ የሚጸለየው ደረጃው ላይ በሹክሹክታ፣ ሁለት ሦስት እየሆኑ ነበር።

አንድ እሁድ መሪው እንደ ልማዱ ጠየቀ። አባባ ትከሻዬን ተደግፎ ብድግ አለ።

"ወንድሞችና እኅቶች፣ ባንድ መርከብ የወጡ ሰዎች አሉ" አለ። "መንገድ ጠፍቷቸዋል። የት እንዳሉ አይታወቅም። ይጣራሉ፣ የሚሰማቸው የለም። ከልጅ ልጄ ጋር ሆኜ ነገራቸውን ስከታተል ከርሜአለሁ። ወደ ቤት እንዲገቡ ጸልዩላቸው።"

መሪው ግራ ገባው። "አባባ፣ ሰዎቹ የት ነው ያሉት አሉን?"

"ጠፈር ላይ።"

ከኋላ የወጣቶቹ ወንበሮች በሳቅ ተንቀጫቀጩ። እኔ መሬት ብትከፈት ልገባ ደረስኩ። ጆሮዬ ጋለ። አባባ ምስኪን፣ ፊልም መሆኑን አላወቀም ብለው ሊስቁበት ነው አልኩ፤ እኔም ፊልም መሆኑን በቅጡ ያላወቅኩት ልጅ። መሪው ግን አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀና አባቴን አየው። ከዚያ ድምፁ ተሰባብሮ፣ "ወደ ቤት እንዲገቡ" አለ። "ቅዱሳን፣ እንነሣ።"

እንደዚያ ቀን ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም። የቆርቆሮው ጣሪያ ይርገበገብ ነበር። ሲስቁ የነበሩት ወጣቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ያለቅሳሉ። አባቴ ተንበርክኮ ግንባሩን ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ደፍቷል። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። እኔ ዙሪያዬን እያየሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው ፔትሬልን እንዲህ ይወዳታል ወይ እያልኩ እደነቅ ነበር። ኦክስጅናቸው ሊያልቅ መሆኑን ማን እንደነገራቸው አልገባኝም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አባቴ ባኪው፣ ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ። ከአባባ ጋር ሁልጊዜ በሀዲይኛ ነበር የሚያወሩት፤ ያን ቀን ግን ወላይታዋ እናቴም እንድትሰማ ይሁን፣ በአማርኛ ጠየቀው።

"አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?"

"መስመሩ ተበላሽቷል ካልከኝ ጊዜ ጀምሮ" አለ አባባ። "ልጅ ሆነህም ስትዋሽ ጉሮሮህን ትጠርግ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉን?"

"እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዝም አላችሁ። እኔም ለእናንተ ብዬ። ግን ልጄ ጸሎት ሊቀርበት ነው?"

አባቴ የመኪናውን መሪ ይዞ አለቀሰ። አባባ በእጁ ፈልጎ ፈልጎ አንገቱን አገኘና ያዘው። እኔ በመሃላቸው ተጣብቄ ተቀምጬ፣ ነገሩ በራሴ መንገድ ገባኝ፦ አጎቴ ምናሴ ፔትሬል ላይ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ ካሴቶቹን ስናይ እሱን መፈለግ ጀመርኩ። ከካፒቴኑ ኋላ፣ ዳር ላይ፣ አንድ የራስ ቁር የደፋ ሰው ሁልጊዜ ቆሞ አገኘሁ። ምንም አይናገርም፤ ቁልፍ ብቻ ይጫናል።

"አባባ፣ ከኋላ አንድ ሰው አለ። ፊቱ አይታይም።"

"ቀጭን ነው?"

"በጣም ቀጭን ነው።"

አባባም "ጠብቂው" አለኝ። እኔም ጠበቅኩት። ዋናዎቹ ሰዎች ከጭራቅ ጋር ሲታገሉ የእኔ ዓይን እዚያ ዳር ላይ ነበር።

የደም ግፊቱ ወረደ። ዶክተር ጌታሁን መድኃኒቱ ነው አለ፣ እናቴ ጸሎቱ ነው አለች፤ ሁለቱም ሊስማሙ አልቻሉም። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ተቆረጠ። ከቀጠሮው በፊት ካሴቶቹን እንጨርስ ብለን ወደ መጨረሻው ደረስን። ፔትሬል ምድርን አየቻት፤ ትንሽ፣ እንደ ብርቱካን። ካፒቴኑ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ይህ ደርሶ አያውቅም። ከዚያ ምስሉ ተዘበራረቀና በሣር ሜዳ ላይ ቁምጣ የለበሱ ወፋፍራም ሰዎች ሲተቃቀፉ ታዩ። የአሮጊቷ ባል ሳይሆን አይቀርም፣ ከላዩ ላይ የራግቢ ጨዋታ ቀድቶበታል። ካሴቱን ወደፊትም ወደኋላም አስሮጥኩት፤ ከራግቢው በቀር የለም። የስታዲየሙ ሕዝብ ጣሪያ እስኪነቃነቅ ይጮሃል።

አባባ ከወንበሩ ቀና ብሎ ነበር። "ይሄ ሁሉ እልልታ ምንድን ነው? ገቡ እንዴ?"

ፊቱን አየሁት። ከዚህ የተለየ መልስ እንዴት ይሰጣል? "ገቡ አባባ" አልኩት። "ሕዝቡ ወጥቶ እየተቀበላቸው ነው።"

"ተመስገን" አለ። እጁን ዘረጋና እስኪበቃው ድረስ ጩኸቱን ሰማ። በሚቀጥለው እሁድም የጠፈር ሰዎቹ ገቡ ብሎ በጉባኤ ምስጋና አቀረበ። ሰውም አሜን አለ፣ ግን በቀስታ።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። መሸፈኛው ተነሥቶለት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ "አፍንጫሽ የአያትሽ ነው፣ ነግረውሽ ያውቃሉ?" አለ። ከዚያ ፔትሬልን አሳዪኝ አለ። ፈራሁ፣ ግን ከመጀመሪያው ካሴት ጀመርን። አባባ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ ዓይኑን ጠበብ አደረገና በሳቅ ወደቀ።

"አንቺ ምሕረት! በክር እኮ ነው የተንጠለጠለችው!"

ያን ሁሉ ጊዜ አላየሁትም ነበር። ከመርከቧ ጀርባ ቀጭን ክር ወደ ላይ ይሄዳል። ማልቀስ ቃጣኝ። አባባ ሳቁን አቆመና አቅፎ ወደ ጎኑ አስጠጋኝ። "ምን ያስከፋሻል? ክር ካላት አትወድቅማ" አለኝ።

የመጨረሻውንም አየ። የራግቢ ተጫዋቾቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሲከመሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"እነዚህ ናቸው የተቀበሏቸው?"

"አዎ።"

"በቁምጣ?"

"እንግሊዞች ናቸዋ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "ብቻ ይግቡ" አለ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

ሜዳው እንደገና አረንጓዴ መሆን ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ የአባቴ ባኪ ከወትሮው ቀደም ብሎ ከሰዓት በኋላ መጣ። ከፊት ወንበር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ወረደ። የአባቴን ጃኬት ለብሷል፣ ጃኬቱ ግን ባዶ መስቀያ ላይ ያለ ይመስላል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የአባቴን ስም እየጠራ ጠይቆ ጠይቆ፣ ካትሌሆንግ ሱቁ በር ላይ ደርሶ ነው አባቴ ያገኘው። አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ተነሣ፣ ሳይቸኩል ደረጃውን ወረደ፣ የምናሴን ፊት በሁለት እጁ ይዞ በዚያ አዲስ ዓይኑ አየው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ደግሞ ዳሰሰው፤ በዓይኑ ብቻ አላመነም። እናቴ ናት እልል ያለችው።

አባባ ግንባሩን ሳመውና ጠየቀው። "ሌሎቹስ? ጓደኞችህ?"

ምናሴ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ እልልታዋን አቋረጠች።

በማግስቱ ጀፕስታውን አዳራሹ ውስጥ ሰው ምናሴን እያቀፈ አስቀመጠው። ዘማሪዎቹ የምስጋና መዝሙር ሊያነሡ ተዘጋጅተዋል። መሪው እየሳቀ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" አለ፤ ያን ቀን ምስጋና እንጂ ሌላ ነገር የጠበቀ አልነበረም። አባባ ተነሣ። አሁን ትከሻዬን አልተደገፈም።

"ባለፈው የጠፈር ሰዎቹ ገቡ ብያችሁ ነበር" አለ። "ተሳስቻለሁ። የገባው አንዱ ነው። ሌሎቹ ገና ናቸው።"

ማንም አልሳቀም። ወንበሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰና ሕዝቡ ቆመ። ምናሴ ከጎኔ ነበር፤ ስለ ምን እንደሚወራ አላወቀም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ "የምን የጠፈር ሰዎች ናቸው?" አለኝ።

"መንገድ የጠፋባቸው ናቸው" አልኩት። "ካፒቴኑ አለ፣ ሚስ ፐርዲ አለች፣ ባርናቢ አለ። አንተም ነበርክ፣ ከኋላ ቆመህ።"

ጸሎቱ ዙሪያችንን እየጨመረ ነበር። ከዚያ በተሰነጠቀው ከንፈሩ እየተጠነቀቀ፣ "ስማቸው እንደዚያ አይደለም" አለኝና በጆሮዬ አንድ በአንድ ነገረኝ።

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ነገረኝ ደገምኩት። ኤርጎጌ። ታምራት። ሎምቤቦ። ትንሹ ደስታ። የሚሰማን አለ?